ጆሮ ሲጮኽ፦ ስለ መድኃኒቱ የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ጆሮው ጭው ወይም ሲር የሚልበት ሰው ብቻውን አይደለም። በዓለም ላይ ከሰባት አዋቂዎች አንዱ ገደማ ያውቀዋል። በወሎም ወፍጮ ቤት የሚውሉ፣ ኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ ማሽን አጠገብ የሚሠሩ፣ በ2014 ዓ.ም. በከባድ መሣሪያ ድምፅ ውስጥ ያለፉ ሰዎች ለዚህ ችግር የተጋለጡ ናቸው። የሚደርሳቸው ወሬ ሁለት ዓይነት ነው፦ «መድኃኒቱ ተገኘ» እና «መድኃኒት የለውም፣ ቻለው»። ሁለቱም ልክ አይደሉም።

«ጩኸቱ ጆሮዬ ውስጥ ነው፤ ቢጸዳ ይለቀኛል»

አንዳንዴ እውነት ነው። ኩክ ጠጥሮ ቀዳዳውን ከደፈነው ለጥቂት ቀናት በጠብታ ይለሰልሳል፣ ከዚያ 37 ዲግሪ ገደማ በሞቀ ውኃ ይታጠባል። ቀዝቃዛ ውኃ ያዞራል። ታምቡሩ የተበሳ ሰው ግን ጆሮው ውስጥ ውኃ ሊገባበት አይገባም፤ ስለዚህ አስቀድሞ በባለሙያ ይታይ። የጋለ ዘይት ያቃጥላል፣ የጤና አዳም ጭማቂ ቆዳውን ያስቆጣል፣ የክብሪት እንጨት ኩኩን ወደ ውስጥ ይገፋል።

የብዙው ሰው ችግር ግን ኩክ አይደለም። በእያንዳንዱ ውስጠኛ ጆሮ 15 ሺህ ገደማ ፀጉር መሰል የመስሚያ ሕዋሳት አሉ፤ ከሞቱ አይተኩም። ከእነሱ የሚመጣው መልእክት ሲያንስ አንጎል ለድምፅ ያለውን ንቃት ከፍ ያደርጋል፤ ጣቢያው የጠፋበት ሬዲዮ ድምፁ ሲጨመር ሹሹታው እንደሚጎላው ማለት ነው። የመስማት ነርቫቸው በቀዶ ጥገና ከተቆረጠ በኋላም ጩኸቱ ያልለቀቃቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። የዛሬው ምርምር ወደ አንጎል ያዘነበለው በዚህ ምክንያት ነው።

«መድኃኒቱ ውጭ አገር አለ፤ ችግሩ ገንዘብ ነው»

የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ለጆሮ ጩኸት ብሎ ያጸደቀው ክኒንም ሆነ መርፌ የለም። ያልተሞከረ ስለሆነ አይደለም። በታምቡር በኩል የሚወጋው ኤኤም-101 የተባለ መድኃኒት በመጨረሻው የሙከራ ደረጃ ወድቋል፤ ኦቲኦ-313 ደግሞ በ2022 እ.ኤ.አ. በሁለተኛው ደረጃ ቆመ። ጩኸቱን ከውጭ የሚለካ መሣሪያ ስለሌለ ውጤቱ የሚታወቀው በሽተኛው በሚሰጠው ቃል ብቻ ነው፤ መድኃኒት የሌለበት (ባዶ) መርፌ የተወጋውም ሰው «ቀለለኝ» ይላል። እውነተኛውን መድኃኒት ከባዶው መለየት የሚከብደው ለዚህ ነው።

ስለዚህ «ተገኘ» የሚል ዜና ሲመጣ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የተሞከረው በሰው ነው በአይጥ? ባዶ ሕክምና ከተሰጣቸው ሰዎች ጋር ተነጻጽሯል? ተቆጣጣሪ አካል አጽድቆታል? በየስልኩ የሚተዋወቀው፣ ከዛፍ ቅጠል የሚሠራው የጊንኮ ክኒን በጥናቶች ሲታይ ጥቅሙ እጅግ ትንሽ ወይም ምንም ነው፤ ደም ማቅጠኛ ለሚወስድ ሰው ደግሞ የመድማት አደጋ አለው።

«እንግዲያው ተስፋ የለውም»

አለው፤ ተስፋው ግን በአሁኑ ጊዜ ከክኒን ይልቅ በመሣሪያ በኩል ነው። ሌኒር የሚባለው መሣሪያ በጆሮ ማዳመጫ ድምፅ እያሰማ ምላስን በቀላል የኤሌክትሪክ ንዝረት ይነካል። በ2020 እ.ኤ.አ. ውጤቱ በታተመ ጥናት 326 ሰዎች ለ12 ሳምንታት፣ በቀን እስከ 60 ደቂቃ ተጠቅመውበታል፤ በመጋቢት 2023 የአሜሪካ ፈቃድ አገኘ። ድክመቱም ይነገር፦ ያ ጥናት ባዶ ሕክምና የተሰጠው ቡድን አልነበረውም።

የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲዋ ተመራማሪ የሱዛን ሾር ቡድን ሥራ ይህን ጉድለት ሞልቷል። 99 ሰዎች የተሳተፉበት፣ በ2023 የታተመው ሙከራ ድምፅን ከአንገት ወይም ከጉንጭ የቆዳ ማነቃቂያ ጋር አጣምሮ፣ በቀን 30 ደቂቃ ለ6 ሳምንታት ተሰጠ። ከድምፅ ብቻ ጋር ሲነጻጸር ጩኸቱ ቀነሰ። የተመረጡት ሰዎች ግን አንገታቸውን ወይም መንጋጋቸውን ሲያንቀሳቅሱ ጩኸቱ የሚለወጥባቸው ነበሩ። ጥርስን ነክሶ፣ የታችኛውን መንጋጋ ወደ ፊት ገፍቶ መሞከር ይቻላል፤ ድምፁ ከተለወጠ ለባለሙያው ይነገር። ሁለቱም መሣሪያዎች ለብዙዎች ጩኸቱን ይቀንሳሉ እንጂ አያጠፉም።

«የዘረ መል ሕክምና ደንቆሮ ሕፃን አሰምቷል፤ ለእኔም ይሆናል»

በ2024 የታተመው የሻንጋይ ሙከራ አንድ የተወሰነ ዘረ መል (ኦቶፍ) ተበላሽቶባቸው ሳይሰሙ የተወለዱ ልጆችን ነው የረዳው። በከባድ ድምፅ ወይም በዕድሜ የሞተ ሕዋስ አይመልስም። ሕዋሱን እንደገና ያበቅላል የተባለው ኤፍኤክስ-322 በ2023 ሙከራው ከሽፏል።

«እስኪገኝ ድረስ መቻል ብቻ ነው»

ትልቁ ጉዳት ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ዛሬ የሚረዳ ነገር አለና። መጀመሪያ የመስማት ምርመራ ይደረግ። መስማት ከቀነሰ የመስሚያ መሣሪያ ብዙ ጊዜ ጩኸቱንም ያደበዝዘዋል። ሌሊት ጸጥ ባለ ቤት ጩኸቱ ይጎላል፤ ስለዚህ ሬዲዮ ወይም ማራገቢያ ከጩኸቱ ትንሽ ዝቅ ባለ ድምፅ ይከፈት። ጩኸቱን ሙሉ በሙሉ መሸፈን አያስፈልግም። ፍርሃትንና የእንቅልፍ እጦትን የሚያክመው የንግግር ሕክምና (ሲቢቲ) በብዙ ጥናቶች ተፈትኖ ሥቃዩን እንደሚቀንስ ታይቷል። ጸበል የሚጠመቅም ዱዓ የሚያስደርግም ሰው ምርመራውን አይተው።

«ወፍጮ ቤት ጥጥ ከደፈንኩ ይበቃል»

አይበቃም፤ ጥጥ ድምፁን እምብዛም አያግድም። በ85 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) በቀን 8 ሰዓት፣ በ88 ደግሞ 4 ሰዓት ብቻ ነው የሚመከረው። በጥጥ ፋንታ የስፖንጅ የጆሮ መድፈኛ ተጠቀሙ፤ በጣት አቅጥናችሁ፣ ጆሮን ወደ ላይና ወደ ኋላ ስባችሁ አስገቡ፤ እስኪነፋ 30 ሰከንድ ያዙት። ጸጥ ባለ ቦታ ግን አውልቁት፤ አለዚያ ጩኸቱ ይብሳል።

«ሁሉም የጆሮ ጩኸት አንድ ነው፤ አይቸኩልም»

በባቲና በሐርቡ ቆላ ለወባ ኩዊኒን የተባለው መድኃኒት የተሰጠው ሰው ጆሮው ቢጮኽበት፣ መድኃኒቱ ሲያልቅ አብዛኛውን ጊዜ ይለቀዋል፤ ለባለሙያ ሳይናገር ግን አያቋርጥ። ጄንታማይሲን ወይም ስትሬፕቶማይሲን የተባሉትን አንቲባዮቲኮች የሚወጋ ሰው ጆሮው መጮኽ ከጀመረ ጉዳቱ ዘላቂ ሊሆን ስለሚችል ዕለቱን ይናገር። በአንድ ጆሮ ብቻ የሚጮኽ፣ ወይም ከልብ ምት ጋር እኩል የሚመታ ጩኸት ስፔሻሊስት ሊያየው ይገባል። ከጩኸቱ ጋር አንድ ጆሮ በድንገት መስማት ካቆመ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፦ የስቴሮይድ ሕክምናው በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ ቢበዛ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሲጀመር ነው የሚጠቅመው። ከደሴ ርቆ ያለ ሰው በማግሥቱ ጤና ጣቢያ ሄዶ ሪፈር ያጽፍ።