የላቲን ዋንጫ፦ ከሻምፒዮንስ ሊግ በፊት የነበረው የአራት አገሮች ፉክክር

ዛሬ ሻምፒዮንስ ሊግ የምንለው ውድድር ከመወለዱ በፊት የስፔን፣ የጣሊያን፣ የፈረንሳይና የፖርቱጋል ሻምፒዮኖች የሚገናኙበት ሌላ ዋንጫ ነበር። የላቲን ዋንጫ ይባላል። ስሙ የመጣው የአራቱም አገሮች ቋንቋ ከላቲን ስለሚወለድ ነው። ከ1949 እስከ 1957 ድረስ ስምንት ጊዜ ተካሂዷል (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ባርሴሎና፣ ኤሲ ሚላንና ሪያል ማድሪድ ሁለት ሁለት ጊዜ ወስደውታል። ቤንፊካና ስታድ ደ ሬምስ ደግሞ አንድ አንድ ጊዜ።

የተለያዩ አገሮችን ክለቦች ማገናኘት ያን ጊዜ የመጣ አዲስ ሐሳብ አይደለም። የኦስትሪያው ሁጎ ማይዝል ያስጀመረው የሚትሮፓ ዋንጫ ከ1927 ጀምሮ የቪየናን፣ የቡዳፔስትንና የፕራግን ታላላቅ ቡድኖች ያፋልም ነበር። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ግን አቋረጠው። ከጦርነቱ በኋላ አውሮፓ ለሁለት ተከፈለች። ምዕራብ ጀርመን እስከ 1950 ድረስ ከፊፋ ውጪ ነበረች። እንግሊዞች በራሳቸው ሊግ ረክተው ተቀምጠዋል። የፍራንኮዋ ስፔን ደግሞ በፖለቲካ የተገለለች አገር ነበረች፤ በ1946 የተባበሩት መንግሥታት አባላቱ አምባሳደሮቻቸውን ከማድሪድ እንዲያስወጡ እስከመጠየቅ ደርሶ ነበር። በዚህ መሀል አራቱ ፌዴሬሽኖች ተስማሙና የመጀመሪያው ውድድር በዚያችው በስፔን ተካሄደ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሊጎቹ ሲያልቁ አራቱ ክለቦች በአንድ አገር ይሰበሰባሉ። ሁለት የግማሽ ፍጻሜ ጨዋታዎች፣ የሦስተኛ ደረጃ ጨዋታ፣ ከዚያ ፍጻሜ። ምድብ የለም፣ ደርሶ መልስ የለም። መለያ ምትም ገና አልመጣም። ጨዋታው በተጨማሪ ሰዓትም ካልተለየ ሌላ ቀን እንደገና ይጫወታሉ። አስተናጋጅነቱ በየተራ ነበር። ሻምፒዮኑ መምጣት ካልቻለ ወይም ካልፈለገ ሌላ ክለብ ይተካዋል። በ1950 በብራዚሉ የዓለም ዋንጫ ምክንያት የጣሊያኑ ሻምፒዮን ዩቬንቱስ ቀርቶ ላዚዮ መጣ። በ1953 ከስፔን የመጣው ቫሌንሲያ፣ በ1955 ከፖርቱጋል የመጣው ቤሌኔንሴስ ሁለቱም በሊጋቸው ሁለተኛ የወጡ ነበሩ።

ለዛሬ ተመልካች ግራ የሚያጋባው የነጥቡ ነገር ነው። የላቲን ዋንጫ በመጀመሪያ የአገሮች ውድድር ነበር፣ የክለቦች ደግሞ ሁለተኛ። አንደኛ የወጣው ክለብ ለአገሩ 4 ነጥብ፣ ሁለተኛው 3፣ ሦስተኛው 2፣ የመጨረሻው 1 ነጥብ ያስገኛል። አራት ውድድሮች አንድ ዙር ይሆናሉ፤ በዙሩ ብዙ ነጥብ የሰበሰበው ፌዴሬሽን ያሸንፋል። በመጀመሪያው ዙር ስፔን በ12 ነጥብ አሸነፈች፣ ፈረንሳይ በ10 ተከተለች፣ ጣሊያንና ፖርቱጋል 9 ነጥብ ይዘው እኩል ጨረሱ። የፈረንሳይ ነገር ያስገርማል። በዚያ ዙር አንድም ዋንጫ አላነሳችም። ከ1950 እስከ 1952 ቦርዶ፣ ሊልና ኒስ በተከታታይ ለፍጻሜ ደርሰው ሦስቱም ተሸንፈዋል። ሆኖም ከእያንዳንዱ ሽንፈት 3 ነጥብ ለቀሙና አገራቸውን ዋንጫ ካነሱት ከጣሊያንና ከፖርቱጋል በላይ አስቀመጧት። የሦስተኛ ደረጃ ጨዋታ እንዲህ ዋጋ ያለው በሌላ ውድድር አላየሁም፤ የአንዱ አገር ደጋፊ የጎረቤት ክለቦች ውጤትን እየደመረና እየቀነሰ ይከታተል ነበር ማለት ነው።

የመጀመሪያው ውድድር በሐዘን የተሸፈነ ነበር። የጣሊያን ተወካይ ቶሪኖ ነው። ቶሪኖ በወቅቱ በጣሊያን አቻ ያልነበረው ቡድን ነበር፤ የብሔራዊ ቡድኑም አጥንት እሱ ነው። ግንቦት 4 ቀን 1949 ከሊዝበን የወዳጅነት ጨዋታ ሲመለስ አውሮፕላኑ ቱሪን አጠገብ ካለው የሱፔርጋ ቤተ ክርስቲያን ጋር ተጋጨ። የተሳፈሩት 31 ሰዎች በሙሉ ሞቱ። አምበሉ ቫለንቲኖ ማዞላም ከነሱ አንዱ ነው። ክለቡ ሁለት ወር ሳይሞላው በሌላ ቡድን ወደ ስፔን ሄደ። ዕጣው ደግሞ ከሊዝበኑ ስፖርቲንግ ጋር አገናኘው። ስፖርቲንግ «አምስቱ ቫዮሊኖች» በሚባሉት አጥቂዎቹ የታወቀ ነበር፤ 3 ለ 1 አሸነፈ። ቶሪኖ ግን በሦስተኛ ደረጃ ጨዋታ ሬምስን 5 ለ 3 ረታ። በፍጻሜው ባርሴሎና ስፖርቲንግን 2 ለ 1 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ጨዋታው የተካሄደው ማድሪድ ነው፤ ያውም በሪያል ማድሪድ ሜዳ፣ ኋላ በርናቤው በተባለው። የባርሳ ደጋፊ ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል።

የ1950ው ፍጻሜ ለብቻው ታሪክ ነው። ሊዝበን አጠገብ በሚገኘው የጃሞር ብሔራዊ ስታዲየም ቤንፊካና ቦርዶ ተገናኙ። 3 ለ 3 ወጡ። ከሳምንት በኋላ፣ ሰኔ 18፣ እንደገና ገቡ። ቦርዶ እየመራ መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ሲል ቤንፊካ አቻ ሆነ። ተጨማሪ ሰዓቱም አልለያቸውም። ያኔ ጎል እስኪቆጠር ድረስ ጨዋታው ቀጠለ። በ146ኛው ደቂቃ ዡሊንዮ አስቆጠረና ቤንፊካ 2 ለ 1 አሸነፈ። አሠልጣኙ እንግሊዛዊው ቴድ ስሚዝ ነበር። አንድ የፖርቱጋል ክለብ ዓለም አቀፍ ዋንጫ ሲያነሳ ይህ የመጀመሪያው ነው። ኋላ የቤንፊካ ኮከብ የሆነው ኡዜቢዮ ያን ጊዜ በሞዛምቢክ ገና የስምንት ዓመት ልጅ ነበር።

በ1951 ሚላን በሜዳው ሊልን 5 ለ 0 ደቆሰው። ጉነር ግሬን፣ ጉነር ኖርዳልና ኒልስ ሊድሆልም የሚባሉት ሦስት ስዊድናውያን ያኔ የሚላን ሞተር ነበሩ። ጣሊያኖች ስማቸውን አሳጥረው «ግሬ-ኖ-ሊ» ይሏቸዋል። በቀጣዩ ዓመት ፓሪስ ላይ ባርሴሎና ኒስን በሴሳር ጎል 1 ለ 0 አሸነፈ። ከሀንጋሪ የተሰደደው ላዲስላኦ ኩባላ የነበረበት ይህ ቡድን በዚያ የውድድር ዓመት አምስት ዋንጫ ስለሰበሰበ እስካሁን «የአምስት ዋንጫዎች ባርሳ» ተብሎ ይጠራል። ከአምስቱ አንዱ የላቲን ዋንጫ ነው።

በ1953 የፈረንሳይ ተራ ደረሰ። በአሠልጣኝ አልበር ባቱ የሚመራው ሬምስ በሊዝበን ሚላንን 3 ለ 0 አሸነፈ፤ ሁለቱን ጎሎች ሬይመንድ ኮፓ አስቆጠረ። የፈረንሳይ ክለብ ይህን ዋንጫ የወሰደው ያን ጊዜ ብቻ ነው። በ1954 በስዊዘርላንድ የዓለም ዋንጫ ስለነበር ውድድሩ አልተካሄደም።

ያ ዓመት ግን ሌላ ነገር አመጣ። ሰኔ 1954 ዩኤፋ ባዝል ላይ ተመሠረተ። ታኅሣሥ ላይ የእንግሊዙ ዎልቭስ የቡዳፔስቱን ሆንቬድን በሜዳው 3 ለ 2 አሸነፈና የእንግሊዝ ጋዜጦች «የዓለም ሻምፒዮን» አሉት። የፈረንሳዩ የስፖርት ጋዜጣ የሌኪፕ ጸሐፊ ጋብሪኤል አኖ ይህን አልዋጠውም። ዎልቭስ መጀመሪያ ሞስኮና ቡዳፔስት ሄዶ ይሞከር፣ ደግሞም ሚላንና ሪያል ማድሪድ አሉ ብሎ ጻፈ። ከዚያ ጋዜጣው ለመላው አውሮፓ የሚሆን የክለቦች ውድድር ሐሳብ አቀረበ። ለሐሳቡ መነሻ የሆነው የላቲን ዋንጫ ብቻ አይደለም፤ በ1948 ቺሊ ላይ የተካሄደው የደቡብ አሜሪካ ሻምፒዮኖች ውድድርም ነበር። ይሁንና አኖ ስማቸውን ከጠራቸው ክለቦች አንዱ፣ ሚላን፣ የላቲን ዋንጫ ደንበኛ መሆኑ እንዲያው በአጋጣሚ አይመስለኝም።

ሰኔ 1955 ፓሪስ፣ ፓርክ ደ ፕሪንስ። በላቲን ዋንጫ ፍጻሜ ሪያል ማድሪድ ሬምስን በሪያል ሁለት ጎሎች 2 ለ 0 አሸነፈ (ሪያል ክለቡ ብቻ ሳይሆን የተጫዋቹም ስም ነው፤ ኤክቶር ሪያል አርጀንቲናዊ ተወላጅ ነው)። ልክ በዓመቱ፣ በዚያው ስታዲየም፣ እነዚያው ሁለት ክለቦች በመጀመሪያው የአውሮፓ ሻምፒዮኖች ዋንጫ ፍጻሜ ተገናኙ። ማድሪድ 4 ለ 3 አሸነፈ። ኮፓም ወዲያው ወደ ማድሪድ ተሻገረ። አዲሱ ውድድር 16 ክለቦች ነበሩት፣ ደርሶ መልስ ነበር፣ ጨዋታዎቹም በሊጉ መሀል ይካሄዳሉ። እያንዳንዱ ክለብ በሜዳው ትኬት ይሸጣል። የመክፈቻ ጨዋታው፣ ስፖርቲንግ ከቤልግሬዱ ፓርቲዛን፣ የተደረገው ቤንፊካና ቦርዶ 146 ደቂቃ በተፋለሙበት በጃሞር ነው።

ከዚያ በኋላ የላቲን ዋንጫ ጉልበት አጣ። ክለቦቹ በውድድር ዓመቱ መሀል ማድሪድን ወይም ሚላንን ማግኘት ከቻሉ በሰኔ ሙቀት፣ ተጫዋቹ ደክሞ ዕረፍት በሚናፍቅበት ሰዓት፣ አራት ሆነው የሚሰበሰቡበት ምክንያት አልነበረም። በ1956 ሚላን በሜዳው አትሌቲክ ቢልባኦን 3 ለ 1 አሸነፈ።

የመጨረሻው በ1957 ማድሪድ ላይ ተካሄደ። ጣሊያን በሁለተኛው ዙር 9 ነጥብ ይዛ ስፔንን በአንድ ነጥብ ትመራ ነበር። ግማሽ ፍጻሜው ሪያል ማድሪድን ከሚላን ጋር አገናኘና ማድሪድ 5 ለ 1 አሸነፈ። በፍጻሜው ዲ ስቴፋኖ ባስቆጠራት አንድ ጎል ቤንፊካን ረታ። ስፔን በ12 ነጥብ፣ ጣሊያን በ11 ጨረሱ። ማድሪድ ከሦስት ሳምንት ገደማ በፊት በዚያው ሜዳ ፊዮረንቲናን 2 ለ 0 አሸንፎ የአውሮፓን ዋንጫ አንስቶ ነበር። በ1958 የስዊድን የዓለም ዋንጫ መጣ። የላቲን ዋንጫም ከዚያ በኋላ አልተመለሰም።

የዋንጫ ብዛት ክርክር ሲነሳ ይህ ውድድር ችግር ይፈጥራል። ዩኤፋ ያዘጋጀው ስላልሆነ በይፋዊ የዩኤፋ ዋንጫዎች ውስጥ አይቆጠርም። ሲጀመርማ ዩኤፋ ራሱ አልነበረም። ክለቦቹ ግን በየታሪካቸው ይዘረዝሩታል። በተለይ ለቤንፊካ የ1950ው ዋንጫ፣ በ1961 እና በ1962 ካነሳቸው የአውሮፓ ዋንጫዎች ጋር የሚቀመጥ ነው።