የመጀመሪያው የአላስካ የመርከብ ጉዞ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የአላስካን የመርከብ ጉዞ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያቅድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው ስለ መርከቡ ነው። አዲስ ነው ወይ? ስንት ምግብ ቤት አለው? ገንዳው ይሞቃል? አላስካ ላይ ግን ጉዞውን የሚያሳምረውም የሚያበላሸውም መስመሩ ነው። መርከቡ ከየት ይነሳል፣ የትኛው የበረዶ ግግር ፊት ይቆማል፣ በየወደቡ ስንት ሰዓት ያርፋል፣ እነዚህ ሳይታዩ ክፍያ ሲፈጸም ነው ከታች ያሉት ስህተቶች የሚመጡት።

«አላስካ የሚሄድ መርከብ ሁሉ ግላሲየር ቤይ ይገባል»

አይገባም። ግላሲየር ቤይ ብሔራዊ ፓርክ ስለሆነ በቀን ከሁለት በላይ ትልልቅ የመንገደኛ መርከቦች አይፈቀድለትም። ፈቃዱ በብዛት ያለው ሆላንድ አሜሪካ እና ፕሪንሰስ በተባሉት የመርከብ ኩባንያዎች እጅ ነው፤ ኖርዌጂያንም ድርሻ አለው። ሌሎቹ በአብዛኛው ሀባርድ ወደተባለው የበረዶ ግግር ወይም ከአላስካ ዋና ከተማ ከጁኖ በስተደቡብ ተራራ ለተራራ ወደሚገቡት ጠባብ የባሕር ሰርጦች ይሄዳሉ። ማስታወቂያው ላይ «የበረዶ ግግር እይታ» የሚል ብቻ ከተጻፈ ቦታው ግላሲየር ቤይ ላይሆን ስለሚችል፣ በዕለታዊው የጉዞ ሰሌዳ ላይ የቦታውን ስም ፈልጉ።

ግላሲየር ቤይ የገባ መርከብ የቀኑን አብዛኛውን ክፍል እዚያው ያሳልፋል። ጠዋት የፓርኩ ጠባቂዎች በትንሽ ጀልባ መጥተው ይሳፈሩና በድምፅ ማጉያ ያስረዳሉ። ማርጄሪ የተባለው የበረዶ ግግር ፊት ሲደርስ መርከቡ አንድ ሰዓት ያህል ቆሞ በዝግታ ይዞራል። ማንም አይወርድም፤ ወደብ የለም። የቦታው ታሪክ ራሱ መታየት ያለበት ነው፤ በ1794 የእንግሊዛዊው የባሕር አሳሽ የጆርጅ ቫንኩቨር መርከበኞች ሲደርሱ የበረዶው ግድግዳ የባሕረ ሰላጤውን አፍ ዘግቶ ነበር። የተፈጥሮ ተመራማሪው ጆን ሙር በ1879 ሲመጣ ግን በረዶው ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ኋላ ሸሽቶ ጠበቀው። ዛሬ መርከቡ ቀኑን ሙሉ የሚጓዝበት ውሃ ያኔ በረዶ ነበር ማለት ነው።

ሀባርድ የደረሰውም ቢሆን የተረፈውን አገኘ አይባልም። ርዝመቱ 122 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ባሕሩን የሚነካው ፊቱ ደግሞ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከሌሎቹ የበረዶ ግግሮች አብዛኞቹ ሲሸሹ እሱ ወደፊት ይገፋል፤ በ1986 እና በ2002 ከጎኑ ያለውን ራስል ፊዮርድ የተባለ ጠባብ የባሕር ሰርጥ አፍ ዘግቶ ወደ ሐይቅ ለውጦት ነበር። ችግሩ ሌላ ነው፦ ከፊቱ የሚንሳፈፈው በረዶ ሲበዛ ካፒቴኑ ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ ለመቆም ይገደዳል። ከጁኖ በስተደቡብ ካሉት ሰርጦች አንዱ የሆነውን ትሬሲ አርምን በተመለከተ ደግሞ በአሮጌ መመሪያዎች አትመሩ። በኦገስት 2025 እዚያ ትልቅ የተራራ ናዳ ወደ ውሃው ገብቶ ከፍተኛ ማዕበል አስነስቷል፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ኩባንያዎች መስመራቸውን ወደ ጎረቤቱ ኢንዲኮት አርም አዙረዋል።

«ደመና ከሆነ ቀኑ ባከነ»

ለበረዶ ግግር ደመና እንዲያውም ይጠቅማል። ለብዙ ዘመን የተጨመቀ በረዶ የብርሃኑን ቀይ ክፍል ይውጠውና ሰማያዊውን ይመልሳል፤ ጠንካራ ፀሐይ ሲያርፍበት ግን ላዩ ያንጸባርቅና ሰማያዊው ይደበዝዛል። ጉዞ የሚያበላሸው ዝቅ ብሎ የሚተኛ ጭጋግ ነው፤ እሱ ላይ ምንም ማድረግ አይቻልም።

በረዶው ተገምሶ ሲወድቅ ለማየት የሚጠባበቅ ሰው ደግሞ ድምፁን ሰምቶ ከዞረ ዘግይቷል። ድምፅ በሴኮንድ 340 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ መርከቡ ሁለት ኪሎ ሜትር ርቆ ከቆመ ነጎድጓዱ የሚደርሰው ከስድስት ሴኮንድ ገደማ በኋላ ነው። ትንንሽ ስብርባሪ በተደጋጋሚ የሚረግፍበትን ቦታ ለይቶ እዚያው ላይ ዓይንን መትከል ይሻላል። ነጫጭ የባሕር ወፎች ከበረዶው እግር ሥር ከተሰበሰቡ ውሃው እየተናወጠ ዓሣ ወደ ላይ እየወጣ ሊሆን ስለሚችል፣ እሱም ጥሩ ምልክት ነው።

«በረንዳ ያለው ክፍል ካልያዝኩ ምንም አላይም»

በረንዳ ምቾት ነው፣ ግዴታ አይደለም። ከበረንዳ የሚታየው አንድ ጎን ብቻ ነው፤ ዓሣ ነባሪው በሌላው በኩል ከወጣ አለፈ። የፓርኩ ጠባቂዎች ማብራሪያም በደንብ የሚሰማው በክፍት ደርቦች ላይ ነው። ብዙ መርከቦች በበረዶ ግግር ቀን ሌላ ጊዜ ዝግ የሆነውን የፊተኛ ደርብ ይከፍታሉ፤ የሚከፈትበትን ሰዓት ከዋዜማው ጠይቃችሁ ያዙ። ገንዘቡ ለበረንዳ ወይም ለአንድ ጥሩ የየብስ ጉብኝት ብቻ ከበቃ፣ ጉብኝቱ ይመረጥ። ከቤተሰቡ አንዱ ብርድ የማይችል ወይም ለረጅም ጊዜ መቆም የሚከብደው ከሆነ ግን በረንዳው ዋጋውን ያወጣል።

«የግራ ጎን ይሻላል ወይስ የቀኝ?» የሚለው ጥያቄም ከሚገባው በላይ ክብደት ተሰጥቶታል። በውስጠኛው መተላለፊያ፣ ማለትም በደሴቶቹና በየብሱ መካከል ባለው የባሕር መንገድ፣ በሁለቱም ጎን መሬት አለ፤ በበረዶ ግግር ፊትም መርከቡ ይዞራል። ልዩነት የሚያመጣው በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚደረገውና የአላስካ ባሕረ ሰላጤን በሚያቋርጠው ጉዞ ላይ ነው፤ ወደ ሰሜን ሲሄዱ የብሱ በቀኝ፣ ወደ ደቡብ ሲመለሱ በግራ ይሆናል።

«ጁላይ ላይ ከሄድኩ ዝናብ የለም፣ ሰሜናዊውንም ብርሃን አያለሁ»

የጉዞው ወቅት በአብዛኛው ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር ነው። በደቡብ ምሥራቅ አላስካ ደረቅ የሚባለው ሜይ እና የጁን መጀመሪያ ነው፤ ተራሮቹም ያኔ ገና በረዶ ለብሰዋል። ጁላይ ይሞቃል፣ ዋጋውም ሰውም ይበዛል። ከኦገስት አጋማሽ በኋላ ዝናቡ ይጠነክራል፤ ሴፕቴምበር ርካሽ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም፣ ባሕሩም ይቆጣል። ኬቺካን በዓመት ከ3.5 ሜትር በላይ ዝናብ የሚወርድባት ከተማ ስለሆነች በየትኛውም ወር «አይዘንብም» ብሎ መውጣት የዋህነት ነው።

ሰሜናዊው ብርሃን፣ ማለትም በሌሊት ሰማይ ላይ የሚታየው ባለ ቀለም ብርሃን፣ ጨለማ ይፈልጋል። በጁን መጨረሻ ጁኖ ላይ ፀሐይ ከ18 ሰዓት በላይ ስለምትቆይና ሌሊቱም በደንብ ስለማይጨልም ብርሃኑ አይታይም። ከኦገስት መጨረሻ ጀምሮ ዕድል አለ፤ ሰማዩ ከጠራ። «የእኩለ ሌሊት ፀሐይ» የሚባለው ደግሞ መርከቦቹ ከሚደርሱበት በጣም ርቆ ወደ ሰሜን፣ ከአርክቲክ ክበብ ወዲያ ነው።

«ከባድ የክረምት ካፖርት ያስፈልጋል»

አያስፈልግም። በበጋ በየወደቡ ያለው የቀን ሙቀት ከ12 እስከ 18 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። የሚያስፈልገው መደራረብ ነው፦ ከሥር ቶሎ የሚደርቅ ሱፍ ወይም ሰው ሠራሽ ልብስ፣ ከላዩ ፍሊስ፣ ከሁሉም በላይ ነፋስና ውሃ የማያስገባ ኮፍያ ያለው ጃኬት። የሱፍ ኮፍያና ቀጭን ጓንት ለበረዶ ግግሩ ቀን ያዙ፤ ከበረዶው ላይ ቁልቁል የሚነፍሰው ነፋስ ወደቡ ላይ ከነበረው አየር ጋር አይገናኝም። ጂንስ ውሃ ጠጥቶ ቀኑን ሙሉ አይደርቅም። ጃንጥላ ደርብ ላይ አንድ ነፋስ አይችልም።

«ውስጠኛው መተላለፊያ ስለሆነ ባሕር አያዞርም»

ደሴቶቹ የሚከልሉት አብዛኛውን መንገድ እንጂ ሁሉንም አይደለም። ከሲያትል የሚነሱ ብዙ መርከቦች በቫንኩቨር ደሴት ምዕራብ በኩል በክፍት ውቅያኖስ ያልፋሉ፤ ከቫንኩቨር ከተማ የሚነሱት በአብዛኛው በተከለለው በኩል ይሄዳሉ። ሁለቱም ቢሆኑ ጥቂት ክፍት ቦታዎችን ማቋረጣቸው አይቀርም። ባሕር የሚያዞረው ሰው መሃል ላይ ያለ ዝቅተኛ ክፍል ይምረጥ፤ ከፊትና ከላይ ያሉት ይበልጥ ይወዛወዛሉ። መክሊዚን የሚባለው ኪኒን የሚወሰደው ማቅለሽለሽ ሳይጀምር፣ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ነው። ከጆሮ ጀርባ የሚለጠፈው ስኮፖላሚን በሐኪም ትዕዛዝ የሚገኝ ሲሆን፣ ቢያንስ አራት ሰዓት ቀድሞ ተለጥፎ እስከ ሦስት ቀን ይሠራል፤ ግላኮማ ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አይለጥፈው።

«አላስካ አሜሪካ ስለሆነ የአሜሪካ ቪዛ ይበቃል»

ብዙ ሰው ከወደብ የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው። በ1886 የወጣ የአሜሪካ ሕግ የውጭ አገር ባንዲራ የሚያውለበልብ መርከብ በአሜሪካ ወደቦች መካከል ብቻ መንገደኛ እንዳያጓጉዝ ይከለክላል፤ ትልልቆቹ መርከቦች ደግሞ ሁሉም ማለት ይቻላል የውጭ ባንዲራ ነው ያላቸው። ስለዚህ ከሲያትል ተነስቶ ሲያትል የሚመለሰው መርከብ አንድ የካናዳ ወደብ መንካት አለበት፤ አብዛኛውን ጊዜ በመጨረሻው ምሽት ለጥቂት ሰዓታት ቪክቶሪያ ይቆማል። ያቺ አጭር ምሽት ናት የካናዳ ቪዛ የምታስጠይቀው። «ከመርከብ አልወርድም» ማለት መፍትሔ አይደለም፤ ኩባንያው ሰነዱን የሚያየው ገና ሲያትል ሲሳፈሩ ነው።

የአሜሪካ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ካርዱንና ጊዜው ያላለፈበት የአገሩን ፓስፖርት ይዞ ያለ ካናዳ ቪዛ መግባት ይችላል፤ ፓስፖርቱን ሳያድስ የሚሄድ ግን ይቸገራል። የአሜሪካ ዜጋ ከአንድ የአሜሪካ ወደብ ተነስቶ እዚያው በሚመለስ ጉዞ የልደት የምስክር ወረቀትና የፎቶ መታወቂያ ይበቃዋል፤ ሆኖም ቪክቶሪያ ላይ ቢታመም ወይም መርከቡ ቢያመልጠው ያለ ፓስፖርት በአውሮፕላን መመለስ ጣጣ ነው። በጎብኚ ቪዛ ለሚጓዝ ሰው ከአሜሪካ ወጥቶ መመለስ ስላለ ለብዙ ጊዜ መግቢያ የሚሆን ቪዛ አስተማማኙ ነው። ስካግዌይ በተባለው የአላስካ ወደብ ላይ በዋይት ፓስ የተራራ ባቡር የሚሄዱ ደግሞ ፍሬዘር ወይም ካርክሮስ የሚደርሰውን ጉዞ ከገዙ ባቡሩ ካናዳ ስለሚገባ ሰነዱን ክፍል ውስጥ ትተው እንዳይወርዱ። ተራራው ጫፍ ደርሶ የሚመለሰው ጉዞ ላይ ይህ ጣጣ የለም።

«የጉዞው ዋጋ ዋናው ወጪ ነው፣ ጉብኝቱን እዚያው እንገዛለን»

የማስታወቂያው ዋጋ ለአንድ ሰው፣ ሁለት ሆነው ሲይዙ፣ አብዛኛውን ጊዜም ታክስና የወደብ ክፍያ ሳይጨመር ነው። በእሱ ላይ ለአንድ ሰው በቀን ከ16 እስከ 20 ዶላር የሚሆን ቲፕ ይጨመራል፤ ለሁለት ሰው ለሰባት ሌሊት ከ220 እስከ 280 ዶላር ማለት ነው። በረዶ ላይ የሚያሳርፍ የሄሊኮፕተር ጉዞ ለአንድ ሰው በአብዛኛው ከ350 ዶላር በላይ ነው። የሄሊኮፕተር ቦታ ጥቂት ስለሆነ ከወራት በፊት ያልቃል። ሰውን ከነልብሱ ይመዝናሉ፤ ክብደቱ ከ113 ኪሎ ካለፈ ብዙዎቹ ተጨማሪ ያስከፍላሉ። ጭጋግ ከመጣ ይሰረዝና ገንዘቡ ይመለሳል፤ ቀኑ ግን አይመለስም፤ ስለዚህ ለዚያ ወደብ ሌላ አማራጭ ያዙ። ጁኖ ላይ አማራጩ ቀላል ነው፤ መንደንሆል የተባለው የበረዶ ግግር ከመሃል ከተማ 19 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚርቅ በአውቶቡስ ይደረሳል።

ከመርከቡ ውጭ በግል የሚገዛ ጉብኝት ብዙ ጊዜ ይረክሳል፣ ቡድኑም ያንሳል። ብትዘገዩ ግን መርከቡ አይጠብቅም፤ የሚጠብቀው ራሱ የሸጠውን ጉብኝት ነው። ጁኖ ከሌላ ከተማ ጋር የሚያገናኛት የመኪና መንገድ የላትም፤ የቀረ ሰው ቀጣዩን ወደብ የሚይዘው በአውሮፕላን ወይም በፌሪ ነው። መመለሻችሁ ከመሳፈሪያው ማብቂያ ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል ቀደም ያለ ይሁን። የአላስካ ሰዓት ከሲያትል በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ነው፤ ስልኩ አንዱን፣ መርከቡ ሌላውን ሊያሳይ ስለሚችል የምትከተሉት የመርከቡን ሰዓት ነው። ስልኩንም ባሕር ላይ አውሮፕላን ሁነታ ላይ አድርጉት፤ በመርከቡ የሳተላይት ኔትወርክ ከተያያዘ ሒሳቡ ያስደነግጣል።

«ዓሣ ነባሪና ድብ ከመርከቡ ላይ በደንብ ይታያል»

ከትልቅ መርከብ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ከርቀት ብን ብሎ የሚወጣ ትንፋሽ ነው። ሃምፕባክ ዓሣ ነባሪዎችን በቅርብ ለማየት ጁኖ ወይም አይሲ ስትሬት ፖይንት የተባለው ወደብ ላይ ትንሽ ጀልባ ይያዝ፤ በሕጉ ጀልባው ከ91 ሜትር በላይ አይጠጋም፣ እሱም ይበቃል። ድብ የሚፈለገው ሳልሞን ወንዝ ሲወጣ፣ በጁላይና በኦገስት ነው። ባይኖኩላር ለአንድ ሰው አንድ ያዙ፤ በአንድ ለአራት ሲዋሱ እንስሳው ይሄዳል። 8 በ42 የሚባለው ለመርከብ ተስማሚ ነው፤ ከ10 በላይ የሚያጎላው በእጅ ሲያዝ ምስሉ ይንቀጠቀጣል።

«ሲጨርስ አንኮሬጅ ያደርሰናል»

በአንድ አቅጣጫ የሚሄዱት መርከቦች በአብዛኛው የሚያበቁት ሱዋርድ ወይም ዊቲየር በተባሉት ወደቦች ነው። ሱዋርድ ከአላስካ ትልቁ ከተማ ከአንኮሬጅ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ በባቡር ከአራት ሰዓት በላይ። ዊቲየር ይቀርባል፤ ነገር ግን መውጫው አራት ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው፣ መኪናና ባቡር በተራ የሚጠቀሙበት ባለ አንድ መስመር ዋሻ ነው፤ በየአቅጣጫው የሚከፈተው በተወሰነ ሰዓት ስለሆነ ያመለጠው ሰው ቀጣዩን ተራ ይጠብቃል። የመመለሻ በረራ ከሰዓት በኋላ ወይም ማታ ይሁን፤ ሲሄዱ ደግሞ መነሻው ከተማ ከአንድ ቀን በፊት ይደረስ፤ የዘገየ በረራ የቀጠሮ ሰዓቱ የደረሰ መርከብ አያስቆምም።