«የአንድ ዓመት ተክል» ምንድን ነው?

ኦክቶበር በመጣ ቁጥር ዋሽንግተንና ሚኒሶታ ጓሮ ያላቸው ወገኖቻችን አንድ ምክር ይቀባበላሉ፦ «ቃሪያ የአንድ ዓመት ተክል ነው፤ ነቅላችሁ ጣሉት።» ልክ አይደለም።

የአንድ ዓመት ተክል የሚባለው ዘሩን ሰጥቶ በራሱ ጊዜ የሚደርቀው ነው፤ ጤፍ፣ ድንብላል፣ ጥቁር አዝሙድ። እነዚህን ሙቀት አያተርፋቸውም። ቃሪያ፣ ሚጥሚጣና ኮሰረት ግን ውርጭ በሌለበት ዓመታት ይዘልቃሉ፤ ግንዳቸውም እየጠነከረ ይሄዳል። የሚገድላቸው ብርዱ ነው።

«ቤት አስገብቼው ሞተብኝ» የሚል ተከራካሪ አይጠፋም። ዕድሜው ደርሶ አይደለም የሞተው። 22 ዲግሪ ሴልሺየስ የሞቀ ሳሎን እደግ ይለዋል፤ የዲሴምበር ብርሃን ግን ለማደግ አይበቃውም። ስለዚህ ቀጫጫና ገርጣጣ ቀንበጥ ያወጣል። በየሁለት ቀኑ የሚጠጣው ውሃ ደግሞ ሥሩን ያበሰብሰዋል። ተክልን ከብርድ ማሳለፍ ማታ እሳት እንደ ማዳፈን ነው። በተዳፈነ ፍም ላይ እንጨት አይጨመርም፤ ማዳበሪያም እንደዚሁ ይቆይ። አመዱ ቶሎ ቶሎ አይገለጥም፤ ሙቀቱም እንዲቀሰቅሰው አይፈለግም። ጨርሶ ከታፈነ ግን ይጠፋል፤ ስለዚህ ጥቂት ብርሃን ይድረሰው።

የሌሊቱ ቅዝቃዜ 10 ዲግሪ ሳይደርስ አስገቡት። ፍሬውን ልቀሙ፤ ግንዱን ከአፈሩ 15–20 ሳንቲሜትር ከፍ ብላችሁ ቁረጡት፤ ሁለት ሦስት አንጓ ይቅርለት። ቅጠሉን በሙሉ አርግፉ፤ ክሽክሽ የሚባለው ቅጠል መጣጭ ጥቃቅን ተባይ የሚደበቀው ከቅጠሉ ጀርባ ነው፣ ቤት ከገባ ደግሞ የሚበላው ጠላት የለውም። የጓሮውን አፈር ከሥሩ በለብታ ውሃ እጠቡና ታቹ ቀዳዳ ባለው 4 ሊትር መትከያ፣ በአዲስ አፈር ትከሉት። ከ10–15 ዲግሪ ያለው የምድር ቤት መስኮት ይስማማዋል። ውሃ የሚጠጣው ሁለት ጣት ጥልቀት ድረስ አፈሩ ሲደርቅ ብቻ ነው፤ ብዙ ጊዜ በሁለትና ሦስት ሳምንት አንዴ።

ጃንዋሪ ላይ ደረቅ እንጨት ይመስላል፤ ብዙ ሰው የሚጥለው ያኔ ነው። ቅርፊቱን በጥፍር ጫር አድርጉት። ከቅርፊቱ በታች ያለው አረንጓዴ ከሆነ አልሞተም፤ ቡናማ ከሆነ ዝቅ ብላችሁ ደግሞ ጫሩ።

ቅጠሉ ተዥጎርጉሮ የተኮማተረ ቃሪያ ቫይረስ ሊኖርበት ስለሚችል አይግባ። ከሌላ ዓይነት ቃሪያ ጎን ያደገ ተክል ዘሩ ሊዳቀል ይችላል፤ የምትወዱትን ቃሪያ ሳይለወጥ የሚያቆይላችሁ ግንዱ ነው። በሶብላ ግን ካበበ በኋላ ግንዱን ማቆየት ድካም ነው፤ ከማበቡ በፊት ጫፉን 10 ሳንቲሜትር ቆርጣችሁ ውሃ ውስጥ ብታኖሩት በአንድ ሁለት ሳምንት ሥር ያወጣል።

ማርች ላይ ቃሪያውን ወደ ሞቃትና ብርሃናማ መስኮት አምጡት። ፍም ሲገለጥ መጀመሪያ ጭራሮ ነው የሚሰጠው፤ ማዳበሪያውንም በግማሽ መጠን ጀምሩ፣ ያውም አዲስ ቅጠል ከታየ በኋላ። ሌሊቱ ከ12 ዲግሪ በላይ ሲረጋ በመጀመሪያው ቀን ለአንድ ሰዓት ጥላ ሥር አውጡት፤ ከዚያ ለአንድ ሳምንት ያህል ሰዓቱን እየጨመራችሁ ፀሐይ አለማምዱት። በአንዴ ከወጣ ለስላሳው ቅጠል ነጭ ሆኖ ይቃጠላል።