ቅድስና በክርስትና ሕይወት

በክርስትና ትምህርት ቅድስና ሁለት ገጽ አለው። አንደኛው ለእግዚአብሔር መለየት ነው። ሌላው በመንፈስ ቅዱስ ሥራ ልብና አኗኗር እየተለወጠ ክርስቶስን እየመሰሉ መሄድ ነው። የመጀመሪያው በስጦታ የሚገኝ ነው፤ ሁለተኛው ዕድሜ ልክ የሚኖሩት። አብያተ ክርስቲያናት ለዘመናት ሲከራከሩበት የኖሩት ሁለቱ እንዴት እንደሚገጥሙ ነው። አንዱን ብቻ የያዘ ሰው ወይ ግዴለሽ ይሆናል፣ ወይ የሰው ኃጢአት ቆጣሪ ሆኖ ቁጭ ይላል።

ይህን ለማየት ከቆሮንቶስ የተሻለ ቦታ የለም። ሐዋርያው ጳውሎስ ለዚያች ቤተ ክርስቲያን ሲጽፍ ገና በሰላምታው ላይ በክርስቶስ ኢየሱስ የተቀደሱ ናቸው ይላል። ደብዳቤው ሲቀጥል ግን ጉዳቸው ይወጣል። እኔ የጳውሎስ ነኝ፣ እኔ የአጵሎስ ነኝ እየተባባሉ ተቧድነዋል። ወንድም ወንድሙን ፍርድ ቤት ይገትራል። በጌታ እራት ላይ አንዱ ሲራብ ሌላው ይሰክራል። ጳውሎስ ይህን ሁሉ እያወቀ ቅዱሳን የሚለውን ስም አልነጠቃቸውም። እንዲያውም ምዕራፍ 6 ላይ “ታጥባችኋል፣ ተቀድሳችኋል፣ ጸድቃችኋል” ይላቸውና ወዲያው ከዝሙት ሽሹ ወደሚለው ያልፋል። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። በመልካም ኑሯቸው የተነሳ አልተቀደሱም፤ ስለተቀደሱ ነው በመልካም እንዲኖሩ የተነገራቸው።

ነገሩ ከብሉይ ኪዳን ይጀምራል። “ቅዱሳን ሁኑ፤ እኔ ቅዱስ ነኝና” የሚለው ትእዛዝ ዘሌዋውያን 19 ላይ ይገኛል፤ ጴጥሮስም በመጀመሪያ መልእክቱ ያነሳዋል። ከዚህ ትእዛዝ በኋላ ሰው የሚጠብቀው ስለ አምልኮ ሥርዓት ብቻ እንዲነገረው ነው። በእርግጥ ምዕራፉ ስለ ሰንበትና ስለ መሥዋዕት ይናገራል። ግን እዚያ አይቆምም፤ ቀጥ ብሎ እርሻና ገበያ ውስጥ ይገባል። ስታጭድ የእርሻህን ዳር ሙልጭ አድርገህ አትጨድ፤ ለድሃና ለመጻተኛ ተውለት ይላል። የቅጥር ሠራተኛ ደመወዝ አንተ ዘንድ አይደር ይላል። መስማት የማይችለውን አትስደብ፣ ማየት በማይችለው ፊት እንቅፋት አታኑር። ሚዛንህና መስፈሪያህ ትክክል ይሁን። ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ የሚለው ዝነኛ ቃልም ከዚሁ ምዕራፍ ነው። የሰው ደመወዝ ይዞ ጸሎት የሚያስረዝም ሰው ይህን ገጽ ባይገልጠው ይሻለዋል።

ታዲያ ሥራው የማን ነው? ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች መዳናችሁን በፍርሃትና በመንቀጥቀጥ ፈጽሙ ይላቸዋል። በዚያው ትንፋሽ ግን መፈለግንም ማድረግንም በእናንተ የሚሠራው እግዚአብሔር ነው ይላል። በ5ኛው ክፍለ ዘመን ጴላግዮስ የተባለ መምህር የሰው ፈቃድ ላይ አጥብቆ ሲቆም የሰሜን አፍሪካው ጳጳስ አውግስጢኖስ ጸጋ ከሌለ ፈቃዳችን ራሱ የታመመ ነው ብሎ ተከራከረው። በ418 በካርታጎ የተሰበሰቡ ጳጳሳትም የጴላግዮስን ትምህርት አወገዙ። ይህ ማለት ግን ሰው እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ ማለት አይደለም። የእግዚአብሔርን ቃል መስማት፣ ጸሎት፣ ጾም፣ ንስሐ፣ ቅዱስ ቁርባን፣ የምእመናን ኅብረት፣ መከራን መታገስ፤ እነዚህ ሁሉ ጸጋው የሚሠራባቸው መንገዶች ናቸው። ውጤቱ ደግሞ ለብቻ ተቀምጦ አይለካም። በገላትያ 5 የተዘረዘረው የመንፈስ ፍሬ ውስጥ ትዕግሥት፣ ቸርነት፣ የውሃት አሉ። የሚያናድድ ሰው በሌለበት ሁላችንም ታጋሽ ነን።

አጽንዖቱ ከቤተ ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን ይለያያል። የምሥራቅና የኦርየንታል ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት የሚነሱት 2ኛ ጴጥሮስ 1፥4 ላይ ካለው “ከመለኮት ባሕርይ ተካፋዮች” ከሚለው ቃል ነው። በ4ኛው ክፍለ ዘመን አትናቴዎስ ቃል ሰው የሆነው እኛ በጸጋ እርሱን እንድንመስል ነው ብሎ አስተማረ። በዚህ ትምህርት ቅድስና ከኃጢአት መራቅ ብቻ ሳይሆን በሕይወቱ መሳተፍ ነው፤ ምሥጢራትና ተጋድሎም አይነጣጠሉም። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ1547 በትሬንት ጉባኤ ጽድቅ የኃጢአት ስርየት ብቻ ሳይሆን የውስጥ ሰው መቀደስና መታደስም ነው ብላ ወሰነች። በ1964 ደግሞ ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ቅድስና የመነኮሳትና የካህናት ብቻ ሳይሆን የምእመናን ሁሉ ጥሪ መሆኑን አስረግጦ ተናገረ።

በ16ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ፕሮቴስታንትን የመሠረቱት የተሐድሶ ሰዎች ጽድቅንና ቅድስናን፣ ማለትም በእግዚአብሔር ፊት ጻድቅ ተብሎ መቆጠርንና በኑሮ መለወጥን፣ ለይተው ማየት ፈለጉ። ለሉተር አማኝ በአንድ ጊዜ ጻድቅም ኃጢአተኛም ነው። ካልቪን ደግሞ ሁለቱ ይለያሉ እንጂ አይነጣጠሉም ይላል፤ ክርስቶስን የተቀበለ ሁለቱንም አብሮ ይቀበላል። በዚህ መስመር የሚሄዱት ቅድስና በዚህ ዓለም እያደገ ይሄዳል እንጂ አይጠናቀቅም ባዮች ናቸው። ኃጢአት የለብንም ብንል ራሳችንን እናስታለን የሚለውን የዮሐንስ ቃልም ይጠቅሳሉ።

በ18ኛው ክፍለ ዘመን የሜቶዲስት እንቅስቃሴ መሪ የነበረው እንግሊዛዊው ጆን ዌስሊ በዚህ አልረካም። ጌታ በፍጹም ልባችሁ ውደዱ ብሎ ካዘዘ እንዲህ መውደድ ከሞት በፊትም ይቻላል ማለት ነው አለ። ፍጹምነት ሲል ስህተትና ድካም አይኖርም ማለቱ አይደለም፤ አውቆ ኃጢአት ማድረግን የሚያስወጣ ምሉዕ ፍቅር ማለቱ ነው። ራሱን ግን ፍጹም ነኝ ብሎ አላቀረበም። ይህ ትምህርት በ19ኛው ክፍለ ዘመን የቅድስና እንቅስቃሴ የሚባለውን ወለደ፤ ከእርሱም ውስጥ በ1906 በሎስ አንጀለስ የጴንጤቆስጤን እንቅስቃሴ ያስፋፋው የአዙዛ ጎዳና መነቃቃት ፈነዳ። ቀደምት ጴንጤቆስጤዎች ብዙዎቹ ሙሉ ቅድስና ከመዳን በኋላ በሁለተኛ ደረጃ በቅጽበት የሚመጣ ልምድ ነው ይሉ ነበር። በ1910 ገደማ ዊልያም ዱራም የተባለ የጴንጤቆስጤ ሰባኪ ሥራው በመስቀል ላይ ተፈጽሟል፣ የቀረው በየዕለቱ ማደግ ነው ብሎ ተነሳ። እንቅስቃሴው በዚህ ጉዳይ ለሁለት ተከፈለ። ስለ ቅድስና ሲነታረኩ መለያየታቸው ራሱ ቆሮንቶስን ያስታውሳል። በ1914 የተቋቋመው አሴምብሊስ ኦፍ ጎድ የተባለው የጴንጤቆስጤ ኅብረት ከዱራም ወገን ሆነ። ቸርች ኦፍ ጎድ ኢን ክራይስት የተባለችውን ሌላ የጴንጤቆስጤ ቤተ ክርስቲያን የመሳሰሉት ግን በቀድሞው ትምህርት ጸኑ።