ዱምስክሮሊንግ ምንድን ነው?

ባለፈው ሳምንት ማታ ስልኬን ያነሳሁት አላርም ልሞላ ነበር። ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል። አንድ የቴሌግራም ቻናል "ሰበር" ሲል ጣቴ አላስችል አለኝና ከፈትኩት። ከዜናው ወደ ኮሜንቱ፣ ከኮሜንቱ ወደ ፌስቡክ። ቀና ስል ከሌሊቱ 7 ሰዓት ሆኗል። አላርሙ አልተሞላም።

ፈረንጆቹ ለዚህ ነገር ዱምስክሮሊንግ የሚል ስም አውጥተውለታል። "ዱም" ጥፋት፣ የዓለም መጨረሻ ዓይነት ነገር ነው፤ ስክሮሉን ታውቁታላችሁ። ክፉ ወሬ እያነበብን፣ ሆዳችን እየተረበሸ፣ ማቆም ግን አቅቶን ስክሪኑን ወደ ላይ መግፋት ማለት ነው። ቃሉ በሰው አፍ የገባው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2020፣ ኮቪድ ዓለምን ቤቷ በከተታት ጊዜ ነው። ስልክ ላይ መጣድ ሁሉ ግን ዱምስክሮሊንግ አይደለም። ሁለት ሰዓት ሙሉ የድመት ቪዲዮ ያየ ሰው ጊዜውን በላ እንጂ ሌላ ምንም አላደረገም።

ለምን አናቆምም? ግማሹ ጥፋት የራሳችን ነው። ጆሯችን ለክፉ ወሬ ቶሎ ይቆማል። በ2023 ኔቸር ሂዩማን ቢሄቪየር በተባለ የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት አፕወርዲ የተባለ ድረ ገጽ የሞከራቸውን ወደ 105 ሺህ የሚጠጉ ርዕሶች መርምሮ ነበር። ርዕሱ ላይ አንድ አሉታዊ ቃል በተጨመረ ቁጥር ከፍቶ የሚያነበው ሰው በ2.3 በመቶ ይጨምራል። ትንሽ ይመስላል። ለርዕስ አውጪው ግን እንጀራው ነው።

ሌላው ግማሽ የማሽኑ ነው። ድሮ ድረ ገጽ ታች ደርሶ ያልቅ ነበር። ለመቀጠል "ቀጣይ" የሚለውን መጫን ነበረብህ፤ እዚያች ላይ "ይበቃኛል" የምትልበት ፋታ ነበረች። በ2006 ኤዛ ራስኪን የተባለ አሜሪካዊ ዲዛይነር ማለቂያ የሌለውን ስክሮል ሠራ። ሐሳቡ ሰውን ከመጫን ድካም ለማሳረፍ ነበር። ኋላ ላይ ነገሩ እንደሚጸጽተው በአደባባይ ተናግሯል። እኔ በበኩሌ ስልኬን ሳሎን ቻርጅ ማድረግ ጀምሬያለሁ። አንዳንድ ሌሊት በባዶ እግሬ ሄጄ አመጣዋለሁ።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። እኛ እኮ ክፉ ወሬ የምንነግርበት ሥርዓት ያለን ሰዎች ነን። መርዶ በማንኛውም ሰዓት አይነገርም። ቀን ሙሉ ይደበቃል፣ "ትንሽ አሟቸው ነበር" ይባላል፣ ዘመድ በስልክ ይጠራራል። ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች በር ያንኳኳሉ። ሰውዬው ሲወድቅ የሚደግፈው ክንድ አጠገቡ አለ። ከዚያ ድንኳን፣ ለቅሶ፣ ሰልስት። ወሬው ነጋሪ አለው፣ ሰዓት አለው፣ ደግሞም ያበቃል። ስልክ ግን በአንድ እስትንፋስ የመኪና አደጋ፣ የፀጉር ቅባት ማስታወቂያ፣ ጦርነት፣ ጭፈራ ያስከትልልሃል። ደጋፊ ክንድ የለ፣ ሰልስት የለ።

አሜሪካ የምትኖር አንዲት ዘመዴ ሥራ ቦታ እረፍት ላይ ሆና ፌስቡክ ታያለች። እየገፋች ሳለ የአጎቷ ፎቶ መጣ፤ ከጎኑ ሻማ፣ ከሥሩ "ነፍስ ይማር"። በድንጋጤ ጣቷ ገፋውና አለፈ። ቀጥሎ የመጣው የሰርግ ቪዲዮ ነበር። ፎቶውን መልሳ ብትፈልገው አጣችው። ፈረቃዋን ጨርሳ ቤቷ ገባች፤ ለማንም አልደወለችም። በነጋታው ገና ሳይነጋ ስድስት ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በሯን አንኳኩ። ሁለቱ የመጡት ሌሊቱን ሲነዱ አድረው ነው። ከፈተችላቸው። "በደህና ነው?" አለቻቸው። እስኪያረዷት ቆማ ጠበቀች፤ ያኔ አለቀሰች።