የፕሮቲን «መለያ ድግግሞሽ» ምንድን ነው?

የፕሮቲን አሚኖ አሲዶች በቁጥር ይተኩና፣ ፉርየር በሚባለው ስሌት የትኛው ንድፍ በየስንቱ እንደሚደገም ይለካል፤ ውጤቱን የሚያሳየው ሥዕል ስፔክትረም ነው። ሥራቸው አንድ የሆነ ፕሮቲኖች የሚጋሩት ጫፍ «መለያ ድግግሞሽ» ይባላል።

«0.45 ላይ ጫፍ ወጣ፤ የፕሮቲኑ ርዝመት 200 ነው፤ ስለዚህ የሥራ ቦታው 90ኛው አሚኖ አሲድ ነው» የሚል አስተያየት አለ። ስሕተት ነው! 0.45 ቦታ አይደለም፤ ሄርዝም (በሰከንድ የሚቆጠር ድግግሞሽ) አይደለም። ንድፉ በየ2.2 አሚኖ አሲዱ ገደማ ይደገማል ማለት ነው። ከፍተኛው 0.5 ነው፤ ከዚያ አያልፍም።

ጎንደር ማኅሌት ቆሞ ያደረ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ሌሊቱን ሙሉ ቀድታችሁ ባንዴ ፉርየር ብታደርጉት፣ የጽፋቱ ፈጣን የከበሮ ምት ጫፍ ሆኖ ይወጣል። በስንት ሰዓት እንደተመታ ግን ከጫፉ አይነበብም፤ ሌሎቹ የማኅሌቱ ክፍሎች፣ ቁሙም ዝማሜውም መረግዱም፣ አብረው ተደምረዋል። ሰዓቱን የሚይዘው ፌዙ (phase፣ እያንዳንዱ ሞገድ ከየት እንደሚነሣ የሚናገረው የስሌቱ ክፍል) ነው፤ የመጠኑን ስፔክትረም ስትስሉ እሱን ጥላችሁታል። የብዙ አድባራትን ቅጂዎች ስፔክትረም ብታባዙ የጋራው ምት ብቻ ጎልቶ ይቀራል። ቅጂዎቹ ሁሉ የአንድ ደብር አንድ ሌሊት ከሆኑ ግን ሁሉም ነገር የጋራ ነው። እጅግ የሚመሳሰሉ ፕሮቲኖችን አባዝቶ «የሥራቸውን ድግግሞሽ አገኘሁ» ማለት ይኸው ነው፤ ሥራቸው አንድ፣ ቅደም ተከተላቸው የተራራቀ ምረጡ።

አሠራሩ አጭር ነው። እያንዳንዱ አሚኖ አሲድ በኤሌክትሮን-አዮን መስተጋብር ዋጋው (EIIP፣ የኤሌክትሮኖቹን ጉልበት በሚወክል ቁጥር) ይተካል፤ ሉሲን 0፣ አስፓርቲክ አሲድ 0.1263። መጀመሪያ አማካዩን ቀንሱ፣ ርዝመቱን ለማስተካከል ዜሮ የምትጨምሩት ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ዝቅተኛው ድግግሞሽ ላይ የሐሰት ጫፍ ይቆማል። የጋራው ጫፍ ከተገኘ በኋላ አንዱን ፕሮቲን በመስኮት እየቆረጣችሁ፣ ያ ድግግሞሽ የት እንደሚበረታ ታያላችሁ። ቦታ የሚገኘው እዚህ ላይ ነው።

መስኮቱ 20 አሚኖ አሲድ ከሆነ የመለየት አቅሙ 0.05 ነው፤ 0.45ን ከ0.48 አይለይም። 100 ካደረጋችሁት ድግግሞሹ ይጠራል፣ ቦታው ይደበዝዛል። የጽፋቱን ሰዓት በደቂቃ፣ ፍጥነቱንም በጥራት፣ ሁለቱን ባንድ ቁራጭ ማግኘት አይቻልም።

ሌላም አለ፤ በእነዚህ የኤሌክትሮን-አዮን ዋጋዎች ሠንጠረዥ ሴሪንና ሲስቴይን ዋጋቸው አንድ ነው፣ 0.0829። ስለዚህ ሲስቴይኖች የሚያስሩት የሰልፈር ድልድይ ለዚህ ዘዴ አይታየውም። በውሃ ጠልነት ሚዛን (አሚኖ አሲዱ ውሃን ምን ያህል እንደሚሸሽ በሚናገር ቁጥር) ከሠራችሁ ደግሞ 0.28 አካባቢ የሚወጣው ጫፍ ብዙውን ጊዜ በ3.6 አሚኖ አሲድ የሚዞረው አልፋ ሄሊክስ (የፕሮቲን ጥምዝ) ነው፤ ቅርጽ እንጂ ሥራ አይደለም።

ደግሞም አሚኖ አሲዶቹን ሳትቀይሩ ተራቸውን 1000 ጊዜ በውዙና ሁሉንም ድገሙ። የእናንተን ጫፍ የሚያህል ከ50 በላይ በሆኑት ከወጣ ጣሉት። ካለፈ በላቦራቶሪ ሚውቴሽን የሚፈተን እጩ ነው።