የመኪና ሊፍት ምንድን ነው?

የቤተሰብ ኤስዩቪውን ለአስቸጋሪ መንገድና ለረጅም የካምፒንግ ጉዞ ማዘጋጀት የሚፈልግ ሰው ቶሎ የሚያነሳው ጥያቄ አለ፦ «ስንት ሴንቲ ላስነሳው?» ጥያቄው ትንሽ ቸኩሏል። ከመኪናው የትኛው ክፍል እንደሚነሳ ሳይታወቅ፣ ስንት ይነሳ ብሎ መወሰን ከባድ ነው።

ሊፍት ማለት መኪናን ከፋብሪካ ከወጣበት ከፍታ በላይ ከፍ ማድረግ ነው። ይኼ በሦስት መንገድ ይሠራል፤ ሦስቱ ደግሞ የሚያነሱት ነገር አንድ አይደለም።

የመጀመሪያው ቦዲ ሊፍት ነው። በሻንሲ (መኪናውን ከታች በሚሸከመው የብረት አጽም) እና በቦዲ መካከል ድጋፍ ገብቶ ቦዲው ብቻ ይነሳል። ሻንሲው፣ ካምቢዮው፣ የነዳጅ ታንከሩ ባሉበት ይቀራሉ። ለትልቅ ጎማ ቦታ ይከፍታል እንጂ ሆዱን ከድንጋይ አያርቅም። እንደ ራቭ 4 ያሉ፣ ለብቻው የቆመ ሻንሲ የሌላቸው መኪኖች ላይ ደግሞ ጭራሽ አይሠራም። ለቤተሰብ ጉዞ የሚረባ ነገር ስላላየሁበት አልፈዋለሁ።

ሁለተኛው የሰስፔንሽን (መኪናውን በጎማዎቹ ላይ የሚሸከመው የሞላና የሾክ አብዞርበር ክፍል) ሊፍት ነው። ሰዎች ዝም ብለው «ሊፍት» ሲሉ አብዛኛውን ጊዜ ይኼን ማለታቸው ነው። ሞላው ወይም ባሌስትራው ይቀየራል፣ ከሾክ አብዞርበሩ ጋር። ርካሹ ዘዴ ግን ስፔሰር ነው፦ ነባሩ ሞላ ላይ የተቆረጠ ብረት ወይም ጠንካራ ፕላስቲክ ደርቦ ማስቀመጥ። ስፔሰር ከፍታውን ይጨምራል፤ የሞላውን ጉልበት ግን አይጨምርም። ባዶውን ቆሞ ያማረው መኪና፣ ዕቃ ሲጫንበት እንደ ድሮው ያንኑ ያህል ወደ ታች ይወርዳል።

ሦስተኛው ትልቅ ጎማ ነው። እዚህ ላይ ሒሳቡ ብዙ ሰው ከሚገምተው ያንሳል። ከ265/65 አር 17 ወደ 265/70 አር 17 ብትቀይሩ (የሚለወጠው ሁለተኛው ቁጥር የጎማው ጎን ቁመት ከስፋቱ በመቶኛ ነው) የጎማው ዲያሜትር በ2.65 ሴንቲ ሜትር ያድጋል። መኪናው የሚነሳው ግን በግማሹ፣ በ1.3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። የቀረው ግማሽ ከላይ ነው፣ ወደ ፓራፋንጎው። በዚያ ላይ የፍጥነት መለኪያው ከነበረበት ወደ ኋላ ይቀራል፤ በፊት 100 ያሳይ በነበረበት ቦታ መኪናው አሁን ወደ 103 ይሄዳል።

እንግዲህ ለትንሽ ከፍታ ያን ሁሉ ወጪ ለምን? ምክንያቱም ጎማ የሚያነሳውን ነገር ሌላው ላያነሳው ይችላል። የኋላው አክሰል (ግራና ቀኝ ጎማዎቹን የሚያገናኘው ዘንግ) አንድ ወጥ የሆነ መኪና፣ ለምሳሌ ላንድክሩዘር ፕራዶ 150፣ ከኋላ በኩል ዝቅ ብሎ የሚታየው የዲፈረንሻሉ (የሞተሩን ጉልበት ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለው ማርሽ) እብጠት ነው። ይኼ እብጠት ከጎማዎቹ ጋር በአንድ አክሰል ላይ ነው የተቀመጠው። አሥር ሴንቲ የሚያነሳ ሞላ ብትገጥሙለት እንኳ ዲፈረንሻሉ ካለበት ንቅንቅ አይልም። ከፍ የሚያደርገው ጎማ ብቻ ነው። ፊት ለፊት ግን የፕራዶው ጎማዎች ለየብቻ የሚንቀሳቀሱ ናቸው፤ ዲፈረንሻሉም ከሻንሲው ጋር የታሰረ ነው። ስለዚህ የፊቱን ከሻንሲው ጋር አብሮ ታነሱታላችሁ። አንድ መኪና፣ አንድ ሊፍት፣ ከፊትና ከኋላ የተለያየ ውጤት።

ታዲያ የኋላው ዲፈረንሻል ካልተነሳ ሊፍቱ ምን ጠቀመ? ማዕዘን፤ መኪናው አካሉ መሬት ሳይነካ የሚያልፈው የዳገት ወይም የጉብታ ሹልነት። መኪና ዳገት ጥግ ሲደርስ መጀመሪያ የሚነካው የፊት ፓራውልቱ ነው፤ ጉብታ ሲሻገር መሀል ሆዱ፤ ከጉድጓድ ሲወጣ ደግሞ የኋላ ፓራውልቱ ወይም ማርሚታው። የሰስፔንሽን ሊፍት እነዚህን ሦስቱንም ማዕዘኖች ያሻሽላል። ከሦስቱ ብዙ ሰው የሚረሳው የመሀሉን ነው። እሱን የሚወስነው ከፍታ ብቻ ሳይሆን በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለው ርቀት ጭምር ነው። ባለ ሁለት በርና ባለ አራት በር ጂፕ ራንግለር ሩቢከንን ብታወዳድሩ፣ ረጅሙ በመሀል ማዕዘኑ ወደ 5 ዲግሪ ያህል ያነሰ ነው። የቤተሰብ መኪና ደግሞ ረጅም ነው፣ ሦስተኛ ረድፍ ወንበር ካለው በተለይ። ከኋላ ጎማው አልፎ የተንጠለጠለውም ጭራ ቀላል አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ፤ ወደ ክብደት።

ከፋብሪካ የወጣ ኤስዩቪ ከፍታው የተለካው ባዶውን ወይም ቀላል ጭነት ይዞ ነው። ጉዞ ላይ ግን ባዶውን የሚሄድ የለም። ለጉዞ የተጫነ መኪና የኋላው ተቀምጦ፣ አፍንጫው ወደ ሰማይ ተቀስሮ ይታያል። የፊት ጎማዎቹ ክብደት ስለሚቀንስባቸው መሪው ይቀላል፣ መብራቱም የመጪውን ሾፌር ዓይን ይወጋል። ሞላው አስቀድሞ ስለተጨመቀም ትንሽ ጉድጓድ እስከ መጨረሻው ታደርሰዋለች። የሰማችሁት «ዷ!» የሚል ድምፅ እሱ ነው። ብዙ የቤተሰብ መኪና የሚያስፈልገው ሊፍት እንግዲህ ከፍታ የሚጨምር ሳይሆን በጭነት የጠፋውን ከፍታ የሚመልስ ነው።

አንድ ምሳሌ እንሥራ። ከተፈቀደው ጠቅላላ ክብደት ባዶ ክብደቱ ሲቀነስ 600 ኪሎ የሚተርፈው መኪና አላችሁ እንበል። እያንዳንዳቸው በአማካይ 75 ኪሎ የሆኑ አምስት ሰዎች ይግቡ፤ 375 ሄደ። የብረት የፊት መከላከያ 50 ኪሎ። ፖርቶመጋላ 30፣ ላዩ ላይ የሚዘረጋው ድንኳን 60። አርባ ሊትር ውሃ 40 ኪሎ ነው፣ ውሃ አይዋሽም። ሃያ ሊትር ቤንዚን ከነጀሪካኑ ወደ 19። የቀረው 26 ኪሎ ነው። ፍሪጅ፣ መፍቻ፣ ክሪክ፣ ልብስ፣ ምግብ፣ የልጆቹ ሻንጣ ገና አልተጫነም። (ቁጥሩን ስታነቡ ደግሞ ተጠንቀቁ፤ አንዳንድ አምራች ባዶ ክብደት ሲል 75 ኪሎ የሚመዝን ሾፌር ጨምሮ ነው።)

ጠንካራ ሞላ ቢገጠምስ? ሞላው ጭነቱን ቀና አድርጎ ይሸከማል። ፍሬኑ፣ አክሰሉ፣ ቸርኬውና ሻንሲው ግን የዱሮዎቹ ናቸው። የተፈቀደው ክብደት ሞላ ስለተቀየረ አይጨምርም። ሻጮች ይኼን ጮክ ብለው አይናገሩም፤ የተስተካከለ መኪና ዓይን ያታልላል።

ስለዚህ ሞላ የሚመረጠው በቁመት ሳይሆን በክብደት ነው። ጥሩ አምራቾች አንድ ዓይነት ከፍታ የሚሰጡ ሞላዎችን ለተለያየ ጭነት ይሠራሉ፦ ለባዶ፣ ለመካከለኛ፣ ሁልጊዜ ለሚጫን። የከባዱን ገዝታችሁ በአዘቦት ቀን ልጆች ትምህርት ቤት የምታደርሱበት ከሆነ መኪናው ድርቅ ይላል። ጎማው ጉብታ ላይ ይዘላል፣ የኋላ ወንበር ላይ ያለው ሰው ይንገላታል። ጭነታችሁ አንዳንዴ ብቻ ከሆነ መካከለኛውን ውሰዱ። የሞላው ውስጥ የሚገቡ፣ ንፋስ የሚሞሉ ከረጢቶችም አሉ፤ ለቀላል መኪና አያስቀይሙም፣ በተለይ ችግሩ ከኋላ ብቻ ከሆነ።

ሊፍት ያለ ዋጋ አይመጣም፤ ዋጋውም ገንዘብ ብቻ አይደለም። ጎማዎቹ ለየብቻ በሚንቀሳቀሱበት መኪና ላይ፣ ከዲፈረንሻሉ ወደ ጎማው የሚሄዱት ዘንጎች ወደ ታች ይበልጥ ያዘነብላሉ። መገጣጠሚያቸው ይደክማል፣ ግሪሱን የያዘው የላስቲክ ሽፋን ይቀደዳል፣ አሸዋ ይገባል፣ ከዚያ መሪ ሲታጠፍ «ቀጭ ቀጭ» ማለት ይጀምራል። ብዙ ባለሙያዎች እንዲህ ባለ መኪና ላይ ከ5 ሴንቲ ሜትር እንዳታልፉ የሚመክሩት ለዚህ ነው። የጎማው አቀማመጥም ስለሚዛባ አላይመንት ግዴታ ነው። ካልተሠራ ጎማው በአንድ ጎን ይበላል፣ መሪውም ከታጠፈ በኋላ በራሱ የመመለስ ፍላጎቱ ይቀንሳል። ጎማው ከበፊቱ ወደ ታች በወረደ ቁጥር የፍሬን ጎማዎቹ፣ ማለትም ዘይት የሚያስተላልፉት ቱቦዎች፣ እንዳይወጠሩ መታየት አለባቸው። መብራቱ ወደ ታች ይስተካከላል። በመስታወቱ ካሜራ ወይም በአፍንጫው ራዳር እያየ ራሱ ፍሬን የሚይዝ አዲስ መኪና ከሆነ ደግሞ ዓይኑ እንደገና መለካት ሊያስፈልገው ይችላል።

ከሁሉም የማያስደስተኝ የክብደቱ መሀል ወደ ላይ መውጣቱ ነው። ከፍ ያለ መኪና ኩርባ ላይና ጎን ለጎን ባዘነበለ መሬት ላይ ቶሎ ይገለበጣል። አናቱ ላይ 90 ኪሎ ድንኳንና ፖርቶመጋላ ካለ ይብሳል። ጣሪያው የሚችለውን ክብደት መመሪያው ላይ ፈልጉት፤ እየተነዳ የሚችለው ቆሞ ከሚችለው በጣም ያነሰ ነው፣ በኮረኮንች ደግሞ ከዚያም በታች።

የእኔን ምርጫ ከጠየቃችሁኝ ሊፍቱን መጨረሻ ነው የማደርገው። መጀመሪያ ጎማ፦ ጠንካራ ጎን ያለው፣ ለአስፋልትም ለጭቃም የሚሆን ኦል ቴሬን፣ ከተቻለ በዋናው መጠን። ቀጥሎ የጎማ ንፋስ መለኪያና ንፋስ የሚሞላ ትንሽ ኮምፕረሰር። በአስፋልት ላይ 35 ፒኤስአይ የያዘ ጎማ አሸዋ ላይ ወደ 18 ወይም 20 ቢወርድ መሬት የሚነካበት ቦታ ይረዝማል፤ የቆመው መኪና ይሄዳል። ቀስ ብሎ ነው የሚነዳው ታዲያ፣ አስፋልት ሲደረስም ንፋሱ ይመለሳል። ከዚያ የሞተሩን ሆድ የሚሸፍን ብረት። እነዚህ ተሟልተው መኪናው አሁንም መሬት የሚነካ ከሆነ ያኔ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ሊፍት ይበቃል። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ሰው የቤተሰብ መኪናውን ትቶ ሌላ መኪና ቢያስብ ይሻለዋል።

ከመግዛታችሁ በፊት መለኪያ ሜትር ያዙ። መኪናውን ደልዳላ መሬት ላይ አቁሙና ከቸርኬው መሀል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለውን ርቀት በአራቱም ጎማ ለኩ። መጀመሪያ ባዶውን፣ ቀጥሎ ለጉዞ የምትጭኑትን ሁሉ ጭናችሁ፣ ሰዎቹም ገብተው። በዚያው እንደተጫነ ሚዛን ላይ አውጡት። ሞላ ሻጩ የሚያስፈልገው እነዚህን ቁጥሮች ነው፤ «ከፍ ያለ ስጠኝ» ብቻ ካላችሁት የሚሰጣችሁ ያለውን ነው። አዲስ ሞላ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ትንሽ ይረግባል። ስለዚህ ያን ያህል ከነዳችሁ በኋላ እንደገና ለኩ፣ ብሎኖቹን አስጠብቁ፣ አላይመንቱንም ደግማችሁ አስዩት።